ከምንጭ ኮድ ካሻሻሉ በኋላ የሚቀሩ የቀድሞ ፋይሎች፦ የቱ ይጥፋ፣ የቱ ይቆይ፣ በምን ቅደም ተከተል

ጥያቄ፦ «ስታዲየም አካባቢ የሚገኝ የአንድ አስመጪ ድርጅት ሰርቨር ኃላፊ ነኝ። ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከምንጭ ኮድ ገንብቼ ከስሪት 13 ወደ 14 አሻሽየዋለሁ፤ ማሽኑም በደንብ እየሠራ ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞውና የአዲሱ የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ (ግንኙነትን የሚመሰጥር፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘሁ፤ በ14 ላይ ተወግደዋል የተባሉ ትዕዛዞችም አሁንም አሉ። ማስጫኛው ለምን አላጠፋቸውም? አንድ ባልደረባዬ ቀናቸው ከማሻሻያው በፊት የሆኑትን ፋይሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥፋቸው ይለኛል። ዲስኩም ሊሞላ ተቃርቧል። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ የባልደረባዎን ምክር እንዳይከተሉ አደራ እላለሁ። ቀንን ብቻ አይቶ ማጥፋት ሰርቨሩ ዳግም እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ አስረዳለሁ። ፍሪቢኤስዲ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ፣ ከምንጭ ኮዱ ጋር አብረው የሚመጡ የማጽጃ ትዕዛዞች አሉት። ሆኖም ማጽዳቱ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም። በቅድሚያ አላስፈላጊዎቹ ፋይሎች ይጠፋሉ፤ ቀጥሎ ከውጭ የጫኗቸው ፓኬጆች፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ በሙሉ ለአዲሱ ስሪት ይታደሳሉ፤ የቀድሞዎቹ ላይብረሪዎች የሚጠፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያየኋቸው አብዛኞቹ ችግሮች የመጡት ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

ማስጫኛው ያላጠፋቸው ሥራው መገልበጥ ብቻ ስለሆነ ነው። «ሜክ ኢንስቶልወርልድ» የሚለው ትዕዛዝ በ/ዩኤስአር/ኦብጄ ሥር የተገነባውን እያንዳንዱን ፋይል ወስዶ በቦታው ያስቀምጣል፤ በዚያው ስም የቆየ ፋይል ካለም ይተካዋል። በአዲሱ ስሪት ውስጥ ስሙ የሌለ ፋይል ግን የሚተካው ስለማይኖር ባለበት ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚጫን ስርዓት ከዚህ ቀደም ምን ምን እንደ ተጫነ የሚያሳይ መዝገብ አይዝም፤ ስለዚህ በ/ዩኤስአር/ሊብ ውስጥ ያገኘው አንድ የማይታወቅ ፋይል የቀድሞው ስሪት ቅሪት ይሁን ወይም እርስዎ ራስዎ አስበው ያስቀመጡት፣ ማስጫኛው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። በእኔ እምነት፣ ለማያውቀው ነገር እጁን አለመዘርጋቱ ትክክል ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በምንጭ ኮዱ ዋና ማህደር፣ ማለትም በ/ዩኤስአር/ኤስአርሲ ውስጥ የሚገኝ «ኦብሶሊትፋይልስ.ኢንክ» የተባለ ዝርዝር ነው። የፕሮጀክቱ ገንቢዎች አንድን ፕሮግራም፣ ሄደር (ፕሮግራም ሲገነባ የሚነበብ የላይብረሪ መግለጫ ፋይል) ወይም የማኑዋል ገጽ ከስርዓቱ ባወጡ ቁጥር ስሙን ከነቀኑ በዚህ ዝርዝር ላይ ያሰፍራሉ። ዝርዝሩ ፋይሎችን፣ ላይብረሪዎችንና ማህደሮችን በሦስት ወገን ለይቶ ይይዛል፤ የማጽጃ ትዕዛዞቹ ሁለት የሆኑትም፣ አንዱ ለፋይሎችና ለማህደሮች፣ ሌላው ለላይብረሪዎች፣ በዚሁ ምክንያት ነው። ዝርዝሩ በሰው እጅ የሚጻፍ እንደ መሆኑ አልፎ አልፎ የሚዘለል ነገር ይኖራል፤ ለእርሱ የሚሆን ዘዴ ወደ ኋላ ላይ እጠቅሳለሁ።

አሁን ደግሞ የትኛው ቅሪት ጉዳት እንዳለው እንመልከት፤ ሁሉም እኩል አይደሉምና። የድሮ የማኑዋል ገጽ ከማሳሳት ያለፈ ጉዳት የለውም። ከ14 የወጣው፣ የተጨማሪ ፕሮግራሞችን መገንቢያ ማህደር ያወርድ የነበረው «ፖርትስናፕ»ም ቢቀር ስክሪፕት ብቻ ነው። «ቴልኔትዲ» ግን እንደዚያ አይደለም። ከሩቅ ያለ ምስጠራ ወደ ማሽን የሚያስገባው የቴልኔት አገልግሎት ሰጪ ፕሮግራም በ14.0 ከስርዓቱ ተወግዷል፤ ያም ማለት ከእንግዲህ ጉድለት ቢገኝበት በ14 የምንጭ ኮድ ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ፋይሉ በ/ዩኤስአር/ሊብኤግዜክ ውስጥ ካለ፣ የኔትወርክ አገልግሎቶችን ጥሪ ሲመጣ በሚያስነሣው በ«ኢኔትዲ» ቅንብር ውስጥ ደግሞ ከዓመታት በፊት የተከፈተ አንድ መስመር ከተረሳ፣ ማንም የማይጠብቀው በር በኔትወርኩ ላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እርስዎ «አሁንም አሉ» ካሏቸው ትዕዛዞች መካከል በቅድሚያ ይህን እንዲያዩ እመክራለሁ።

የኦፕንኤስኤስኤል ነገርም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ፍሪቢኤስዲ 13 ይዞት የነበረው 1.1.1 ሲሆን ላይብረሪዎቹ በቁጥር 111 ያልቃሉ፤ 14 የያዘው 3.0 ሲሆን ቁጥሩ 30 ነው። በ/ዩኤስአር/ሊብ «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.111»ን፣ በ/ሊብ ደግሞ «ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.111»ን ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የኦፕንኤስኤስኤል ፕሮጀክት ለ1.1.1 የሚሰጠውን ይፋዊ ድጋፍ በመስከረም ወር 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ የ14 የምንጭ ኮድም ይህን ላይብረሪ ስለማይገነባ፣ ወደፊት ስርዓቱን ስንት ጊዜ ቢያድሱት በዲስክዎ ላይ ያለው ቅጂ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ከእርሱ ጋር የተያያዘ አንድ ፕሮግራም እስካለ ድረስ የድርጅትዎ ምስጢራዊ ግንኙነት ጥገና በቆመለት ላይብረሪ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ ሲያባክኑ ያየኋቸው በ/ዩኤስአር/ኢንክሉድ ውስጥ የሚቀሩ ሄደር ፋይሎች ናቸው። አንድን ፕሮግራም ከምንጭ ኮድ ስንገነባ «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት ስርዓቱ ምን ምን እንዳለው የሚያውቀው ሄደሮቹን በመፈለግ ነው። በ14 የተወገደውን የአንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ስርዓት፣ ኦፓይን፣ እንውሰድ። ሄደሩ ከቀረ ኦፓይን የሚደግፍ ፕሮግራም «አለ» ብሎ ይነሣል፤ ላይብረሪው ከጠፋ ግንባታው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ይወድቃል፤ ላይብረሪውም ካልጠፋ ግንባታው ይሳካና አዲሱ ፕሮግራም በሞተ ላይብረሪ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ሁለተኛው ውጤት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ስሕተት ሳይታይ ያልፋል፤ በኋላም ላይብረሪው ሊጠፋ ሲል አዲስ የተገነባው ፕሮግራም ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ፓኬጆችን ከማደስ በፊት ፋይሎቹ መጥፋት ያለባቸው ስለዚህ ነው።

ወደ ባልደረባዎ ሐሳብ ልመለስ። «ማስጫኛው ዛሬ ያልነካው ሁሉ አሮጌ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ፋይሎቹን በቦታቸው የሚያስቀምጠው «ኢንስቶል» የተባለው ፕሮግራም ይዘቱ ያልተለወጠን ፋይል ሳይነካ፣ ቀኑንም ሳይለውጥ የሚያልፍበት አሠራር አለው። በዚህ የተነሣ የቆየ ቀን ያለው፣ ግን ለአዲሱ ስርዓት የግድ የሚያስፈልግ ፋይል ሊኖር ይችላል። በተጨማሪም ፍለጋው ከ/ዩኤስአር/ሎካል ጋር ከተነካካ ፓኬጆችዎን በሙሉ ይጠርጋል። የላይብረሪው የስሪት ቁጥር ማነስም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም፤ የስርዓቱ ዋና ላይብረሪ «ሊብሲ.ኤስኦ.7» ቁጥሩ በ2008 ከወጣው ፍሪቢኤስዲ 7.0 ጀምሮ ያልተለወጠ ሲሆን ዛሬም ማሽኑ ያለ እርሱ አንድ እርምጃ አይራመድም። አንድ ፋይል እንዲጠፋ የሚያበቃው የሚጠቀምበት አለመኖሩ ነው፤ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ አንድም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት የ/ኢቲሲ ማህደርን ማስተካከልዎን ያረጋግጡ። «ኢንስቶልወርልድ» ቅንብሮችን አይነካም፤ እነርሱን የሚያዋህደው «ኢቲሲአፕዴት» ነው። በጥያቄዎ ይህን ስላልጠቀሱ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድሁም፤ ምክንያቱም ከ13 ወደ 14 በሚደረገው ጉዞ ላይ እዚህ ጋር አንድ አደገኛ ቦታ አለ። በ13 ላይ የመግቢያ ማረጋገጫ ደንቦች በሚቀመጡበት በ/ኢቲሲ/ፓም.ዲ ሥር ያሉት «ሲስተም» እና «ኤስኤስኤችዲ» የተባሉ ፋይሎች «ፓም-ኦፓይ» የሚባለውን ሞጁል የሚጠሩ መስመሮች ነበሯቸው። ማጽጃው ሞጁሉን ሲያጠፋ መስመሮቹ ግን ከቀሩ፣ ስርዓቱ የተጠራውን ሞጁል ስለሚያጣው ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል ቢያስገባም አይቀበለውም። ከቢሮዎ ውጭ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የሩቅ መግቢያ) የሚሠሩ ከሆነ በሩ በራስዎ ላይ ተዘጋ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ያለበት ክፍል ድረስ ሄዶ በነጠላ ተጠቃሚ ሁነታ ማስነሣትና መስመሮቹን በእጅ ማውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ «ኢቲሲአፕዴት»ን ያስኬዱ፤ የሚጋጭ ነገር ካለ «ኢቲሲአፕዴት ሪዞልቭ» በማለት ይፍቱት፤ ከዚያም በ/ኢቲሲ/ፓም.ዲ ውስጥ «ኦፓይ» የሚል ቃል አለመቅረቱን በ«ግሬፕ» ይፈልጉ። ማጽዳቱ ሲካሄድም በሌላ መስኮት የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) መግቢያ ክፍት አድርገው ይተዉት፤ አዲስ መግቢያ መሥራቱን ሳይሞክሩ እርሱን አይዝጉ።

መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ለእርስዎ የሚነገር አይመስለኝም። ማሽኑ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ስርዓት የሚጠቀም ከሆነ ግን «ቢኢሲቲኤል ክሪየት» በማለት የአሁኑን ስርዓት እንዳለ የሚያቆይ የማስነሻ ቅጂ መፍጠር ይቻላል፤ የሚወስደው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ቢበላሽ ወደ ነበረበት መመለሻው ይህ ነው።

ቀጥሎ ወደ /ዩኤስአር/ኤስአርሲ ገብተው «ሜክ ቼክ-ኦልድ» ይበሉ። ይህ ትዕዛዝ ምንም አያጠፋም፤ የቀድሞ ፋይሎችን፣ ላይብረሪዎችንና ማህደሮችን ዘርዝሮ ያሳያል። ዝርዝሩን በፋይል ያስቀምጡትና ረጋ ብለው ያንብቡት። በማንበብ ጊዜ የምትጠቀሙበት ነገር ስም ካጋጠመዎት እዚያው ይቁሙ፤ በተለይ /ኢቲሲ/ኤስአርሲ.ኮንፍ ውስጥ «ዊዝአውት» በሚል የሚጀምሩ ቅንብሮች ካሉ ይጠንቀቁ። ማጽጃው ከዋናው ዝርዝር ሌላ በእነዚህ ቅንብሮች የሚመራ ሁለተኛ ዝርዝር አለው፤ አንድን ክፍል «አልፈልግም» ብለው ከጻፉ የዚያ ክፍል ፋይሎች በሙሉ እንደ ቅሪት ይቆጠራሉ። ስርዓቱ በተገነባበት ጊዜና ማጽጃው በሚሠራበት ጊዜ ይህ ፋይል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በመካከል አንድ መስመር ተጨምሮ ከሆነ፣ ትናንት የጫኑት ጤነኛ ፕሮግራም ዛሬ ሊጠፋ ይችላል።

ዝርዝሩ ካጠገበዎት «ሜክ ዴሊት-ኦልድ» ይበሉ። ስለ እያንዳንዱ ፋይል «ይጥፋን?» ብሎ ይጠይቃል። ፋይሎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ከሆኑ መልሱን አስቀድሞ የሚሰጥ «ባች-ዴሊት-ኦልድ-ፋይልስ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ዝርዝሩን አስቀድመው በትክክል ካነበቡ እርሱን መጠቀም ነውር የለውም። ሳያነቡ መጠቀሙን ግን በማንኛውም ሁኔታ አልደግፍም።

አሁን ላይብረሪዎቹን ሳይነኩ ወደ ፓኬጆች ይለፉ። በ13 ላይ የተጫነ እያንዳንዱ ፓኬጅ ከ13 ላይብረሪዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ የፓኬጅ አስተዳዳሪው «ፒኬጂ» ራሱም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ላይብረሪዎቹን አስቀድሞ የሚያጠፋ ሰው ከሚያጋጥሙት የመጀመሪያ መልእክቶች አንዱ «ፒኬጂ» የሚፈልገው ሊብኤስኤስኤል 111 አልተገኘም የሚል ነው፤ መሣሪያው ከተሰበረ ደግሞ ጥገናው በምን ይሠራል? ለዚህ ሲባል ከምንም ላይብረሪ ጋር ያልተያያዘ «ፒኬጂ-ስታቲክ» የተባለ ቅጂ አለ። «ፒኬጂ-ስታቲክ አፕግሬድ»ን ሁሉንም በግድ ዳግም በሚያስጭነው ምርጫ ያስኬዱት። ፓኬጆቹ ብዙ ከሆኑና የቢሮው የኢንተርኔት መስመር በሥራ ሰዓት የሚጨናነቅ ከሆነ፣ በቅድሚያ «ፌች» በሚለው ትዕዛዝ አውርዶ አስቀምጦ መጫኑን በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ መጫኑ በመካከል ከተቋረጠ ግማሹ የ13 ግማሹ የ14 ሆኖ መቅረቱ አይቀርም።

ፓኬጅ አስተዳዳሪው የማያውቃቸውን ፕሮግራሞች መፈለግ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። አንድ ሰው በእጁ የገነባው ፕሮግራም፣ ከሻጭ የመጣ የሒሳብ ሥራ ሶፍትዌር፣ በፓይተን ማህደር ውስጥ የተቀመጠ የተገነባ ሞጁል፣ እነዚህ ሁሉ በማሻሻያው አይታደሱም። «ኤልዲዲ» የተባለው ትዕዛዝ አንድ ፕሮግራም ከየትኞቹ ላይብረሪዎች ጋር እንደ ተያያዘ ያሳያል፤ በ/ዩኤስአር/ሎካል፣ በ/ኦፕት እና በተጠቃሚዎች የቤት ማህደር ያሉትን ሊሠሩ የሚችሉ ፋይሎችና ላይብረሪዎች ሁሉ በ«ፋይንድ» እየለቀሙ ወደ እርሱ በመላክ፣ በውጤቱ ውስጥ «ኤስኦ.111» የሚል መኖሩን ይፈልጉ። ይህንኑ ፍተሻ በአንድ ላይ የሚያደርግ «ሊብቼክ» የሚባል ፓኬጅም አለ። ጄይሎች (በአንድ ማሽን ውስጥ ተለይተው የሚሠሩ ስርዓቶች) ካሏችሁ እያንዳንዱ የራሱ ስርዓት ስላለው ለብቻው መጽዳት አለበት፤ «ዴስትዲር» በሚለው ተለዋዋጭ የጄይሉን ማህደር ለማጽጃው መንገር ይቻላል።

ዳግም ሊገነባ የማይችል ፕሮግራም ከተገኘስ? የምንጭ ኮዱ የሌለ፣ ሻጩም የማይገኝ ሶፍትዌር በየድርጅቱ አይጠፋም። ለቀድሞ ስሪቶች ላይብረሪ የተዘጋጁ «ኮምፓት» የሚባሉ ፓኬጆች አሉ፤ ካልሆነም የሚፈለገውን ላይብረሪ ብቻ በ/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ሥር ወዳለው የኮምፓት ማህደር ማዛወር ይቻላል። ይህ ግን መቻል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ያ ፕሮግራም ከውጭ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ጥገና በቆመለት ላይብረሪ እየሠራ መሆኑን ለሥራ ኃላፊዎ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዎታል።

ፍተሻው ንጹሕ ከሆነ «ሜክ ዴሊት-ኦልድ-ሊብስ» ይበሉ። ትዕዛዙ ራሱ ላይብረሪዎቹን የሚጠቀም ፕሮግራም አለመኖሩን እንዲያረጋግጡ ካስጠነቀቀ በኋላ አንድ በአንድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ በአዲስ አበባ ለምንሠራ ሰዎች በተለይ የሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም የከፈተው ላይብረሪ ከዲስክ ላይ ቢጠፋም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ከእጁ አይወጣም። ስለዚህ ላይብረሪዎቹን ካጠፉ በኋላ የሜይሉም የፋይሉም አገልግሎት ምንም እንዳልተፈጠረ ሊቀጥል ይችላል፤ እርስዎም ሥራው በሰላም ተጠናቀቀ ብለው ይሄዳሉ። ከቀናት በኋላ መብራት ይጠፋና ባትሪው ያልቃል፤ ማሽኑ ሲነሣ የቀድሞውን ላይብረሪ የሚፈልገው አገልግሎት አይነሣም፤ ያን ጊዜ ችግሩን ከማጽዳቱ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። ማሽኑን በዚያው ዕለት፣ እርስዎ አጠገቡ ባሉበት ሰዓት፣ አስበው ሪስታርት ያድርጉትና እያንዳንዱ አገልግሎት መነሣቱን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ከዝርዝሩ የተዘለሉ ቅሪቶችን ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ከቀን ይልቅ የሚታመን ዘዴ አለ። በአንድ ባዶ ማህደር ላይ «ዴስትዲር»ን በመጠቀም «ኢንስቶልወርልድ»ንና «ዲስትሪቢዩሽን»ን ያስኬዳሉ፤ በዚያ የሚፈጠረው ንጹሕ 14 ነው። ከዚያ የሁለቱን የፋይል ስሞች ዝርዝር፣ /ዩኤስአር/ሎካልንና የመረጃ ማህደሮችን ወደ ጎን ትተው፣ ያነጻጽራሉ። በሰርቨሩ ላይ ኖሮ በንጹሑ ውስጥ የሌለ ፋይል ተጠርጣሪ ነው፤ ተጠርጣሪ ነው እንጂ ጥፋተኛ አይደለም፤ እርስዎ ወይም ከእርስዎ በፊት የነበረው ኃላፊ ያስቀመጠው ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ከማጥፋት ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ ማህደር ማዛወሩ ይመረጣል። በኔትቢኤስዲ ይህን ሥራ «ፖስትኢንስቶል» የተባለው ስክሪፕት፣ በኦፕንቢኤስዲ ደግሞ «ሲስክሊን» የተባለው ፓኬጅ ያግዛል። ከፍሪቢኤስዲ 15 ጀምሮ ዋናውን ስርዓት ራሱን በፓኬጅ መልክ መጫን ስለሚቻል፣ በዚያ መንገድ የጫነ ሰው ምን እንደ ተጫነ የሚያውቅ መዝገብ ይኖረዋል።

በመጨረሻ ስለ ዲስኩ። እስካሁን የተናገርሁላቸው ቅሪቶች ሁሉ ተደምረው የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፤ ዲስኩን የሚሞላው ሌላ ነው። የተያዘውን ቦታ መጠን የሚያሳየውን «ዱ»ን በ/ዩኤስአር/ኦብጄ ላይ ያስኬዱት፤ የግንባታው ውጤት፣ በተለይም የኮምፓይለሩ (የምንጭ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው)፣ በርካታ ጊጋባይት ይዞ ያገኙታል። ሪስታርቱ ተሳክቶ ማጽዳቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አይንኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በማጥፋት ላይ «አልተፈቀደም» የሚል መልስ ከሰጠ፣ አንዳንድ ፋይሎች የማይለወጡ ተብለው ምልክት ስለተደረገባቸው ነው፤ «ሲኤችፍላግስ» በተባለው ትዕዛዝ «ኤስሲኤችጂ» የተባለውን ምልክት ካነሡላቸው ይጠፋሉ። በ/ቡት ውስጥ ያለው «ከርነል.ኦልድ» ደግሞ አዲሱ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ችግር ቢፈጥር የሚነሡበት ስለሆነ፣ ቦታ በጣም ካልጠበበዎት እስከሚቀጥለው ማሻሻያ ይቆይ። የስሕተት መመርመሪያ መረጃዎች የሚቀመጡበት /ዩኤስአር/ሊብ/ዲበግም ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በስርዓቱ ውስጥ ስሕተት የመመርመር ሥራ ከሌለዎት በሚቀጥለው ግንባታ ላይ እንዳይሠራ በቅንብሩ መከልከል ይቻላል።

ዜድኤፍኤስ ላይ ከሆኑ ግን ይህን ሁሉ አጥፍተው ነጻው ቦታ ላይጨምር ይችላል፤ ከላይ የፈጠሩት የማስነሻ ቅጂ የጠፉትን ፋይሎች ይዞ ስለሚቆይ ነው። አዲሱ ስርዓት ያለ ችግር ጥቂት ሳምንታት ከሠራ በኋላ ያንን ቅጂ «ቢኢሲቲኤል ዴስትሮይ» በማለት ሲያጠፉት ቦታው ይለቀቃል። እስከዚያ ድረስ የዜድኤፍኤስን የዲስክ ቅርጽ የሚያድሰውን «ዜድፑል አፕግሬድ» የሚለውን ትዕዛዝ አይጠቀሙ፤ «ኢንስቶልወርልድ» በማስነሻው ክፍልፍል ላይ ያለውን የቡት ፕሮግራም ቅጂ ስለማያድስ፣ አዲሱን የዲስክ ቅርጽ የማያውቅ አሮጌ ቡት ፕሮግራም ማሽኑን ማስነሣት ሊያቅተው ይችላል። አዲሱ ቅጂ /ቡት ውስጥ «ሎደር.ኢኤፍአይ» በሚል ስም ይገኛል፤ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ (በዘመናዊው የማስነሻ ስልት) የሚነሣ ከሆነ በቅድሚያ እርሱን ወደ ማስነሻው ክፍልፍል ይገልብጡት።